ዋጋው ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም

የቪአር (በመነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለም) ጌም ወጪ በተነሣ ቁጥር ኮንሶል ያለው ሰው ዕድለኛ ነው ይባላል። በኮምፒውተር ቪአር መጫወት የሚፈልግ ሰው ከመነጽሩ በፊት ውድ ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት ማሽን መግዛት አለበት። ፕሌይስቴሽን ያለው ግን ማሽኑን ቀድሞ ገዝቶታል፤ የሚቀረው መነጽሩን ገዝቶ መሰካት ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ቪአር የሚያስገባው ርካሹ መንገድ ኮንሶል ነው ይላሉ። ይህን የጌም መጽሔቶች ጽፈውታል፣ ሻጮች ተናግረውታል፣ ጓደኛ ለጓደኛም መክሮበታል። ከዚሁ የተወለደ ሁለተኛ አስተሳሰብም አለ። ቪአር በኮንሶል ላይ እስካሁን ያልተስፋፋው ዋጋው ስለከበደ ነው፤ ዋጋው ሲወርድ ሰው ይመጣል የሚል ነው።

ሁለቱንም እቃወማለሁ። የኮንሶል ባለቤት ለቪአር የሚከፍለው እውነተኛ ዋጋ ካርቶኑ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር በእጅጉ ይለያል። ወጪው በትክክል የሚታወቀው ያ ገንዘብ ለስንት ዓመትና ለስንት ጌም እንደሚካፈል ሲታወቅ ነው። አካፋዩን የሚወስነው ደግሞ ገዢው አይደለም፤ አምራቹ ነው። ኮምፒውተር ያለው ሰው መነጽሩ ቢያረጅበት ሌላ ኩባንያ የሠራውን ገዝቶ አብዛኞቹን የድሮ ጌሞቹን ይዞ ይቀጥላል። የኮንሶል ባለቤት ግን ምርጫው አንድ ነው፦ ኮንሶሉን የሠራው ኩባንያ የሚያቀርበውን መነጽር፣ ኩባንያው በሚፈልገው ጊዜ፣ ኩባንያው በሚፈቅደው መጠን። በርካሽ ገባ የሚባለው ሰው አደጋውን በሙሉ ብቻውን የተሸከመው ሰው ነው።

አባባሉ ያለ መነሻ እንዳልመጣ አውቃለሁ። ቪአር ወደ ሰው ቤት በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ኦኩለስ ሪፍት በ599፣ ኤችቲሲ ቫይቭ በ799 ዶላር ገበያ ላይ ዋሉ፤ ሁለቱም ጉልበተኛ ኮምፒውተር ይጠይቁ ነበር። ኦክቶበር 13 ቀን የሶኒ ፕሌይስቴሽን ቪአር በ399 ዶላር ተከተለ። የሚሠራበት ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ በ2013 ሲወጣ ዋጋው እንደዚሁ 399 ዶላር ነበር። ኮንሶሉና መነጽሩ ተደምረው ቫይቭ ያለ ኮምፒውተር የሚያወጣውን ያህል ነበሩ። ንጽጽሩ አሳማኝ ነበር፤ ብዙ ሰውም በእሱ ተማምኖ ገንዘቡን አወጣ።

ነገር ግን በ399 ዶላር ገዝቶ ካርቶኑን የከፈተ ሰው በዚያው ምሽት መጫወት የሚችለው ሌላ ዕቃ ቀድሞ ከነበረው ብቻ ነው። መነጽሩ የሚገኝበትን ቦታ የሚለየው በላዩ ያሉትን መብራቶች ቲቪው አጠገብ የተቀመጠ የፕሌይስቴሽን ካሜራ ሲያያቸው ነው፤ ካሜራው ግን ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። ዋጋው 60 ዶላር ገደማ ነበር። እጅን እንደ እጅ ለመጠቀም የሚያስፈልጉት ሁለት የሙቭ ጆይስቲኮች ደግሞ በ2010 ለፕሌይስቴሽን 3 የተሠሩ አሮጌ መሣሪያዎች ናቸው፤ ለጥንዱ 100 ዶላር ገደማ ይጨመር ነበር። ሁሉንም በአንድ ላይ የያዘው ጥቅል የተሸጠው በ499 ዶላር ነበር። በመነጽሩና በቲቪው መካከል የምትቀመጠው ትንሽ ሣጥንም የራሷ ጣጣ ነበራት። የመጀመሪያዋ ሞዴል የኤችዲአር ምስል አታሳልፍም ነበርና አዲሱን ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ የገዛ ሰው የቲቪውን ጥራት በሙሉ ለማየት ገመድ መንቀልና መሰካት ነበረበት። በ2017 የተሻሻለ ሞዴል ወጣ፤ አንደኛውን የገዛ ሰው ግን ሁለተኛውን ካልገዛ በቀር ማሻሻያው አይደርሰውም።

ያ የመጀመሪያው ዘመን ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል። እሺ፤ ሁለተኛውን ዘመን እንመልከት። ፕሌይስቴሽን ቪአር 2 የወጣው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2023 በ549.99 ዶላር ነው። መሣሪያው ግሩም ነው፤ ይህን መካድ ክርክሬን አያጠነክርልኝም። ለእያንዳንዱ ዓይን 2000 በ2040 ፒክስል የሆነ ኦሌድ ስክሪን አለው፣ ዓይን ወዴት እንደሚያይ ይከታተላል፣ ካሜራዎቹ መነጽሩ ላይ ናቸው፣ ከኮንሶሉ ጋር የሚገናኘው በአንድ ገመድ ነው፣ ጆይስቲኮቹም አብረውት ይመጣሉ። ሶኒ ከመጀመሪያው ስሕተቱ ተምሯል። ነገር ግን ፕሌይስቴሽን 5 ራሱ በ2020 ሲወጣ ዋጋው 499.99 ዶላር ነበር። ተቀጥላው ከዋናው በለጠ ማለት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ አንድም ጌም ሳይገዛ 1,050 ዶላር ገደማ ይሆናል። ማሽኑን ቀድመህ ገዝተሃል የሚለው ክርክር የቆመው የሚጨመረው ነገር ካለው ነገር ያነሰ ነው በሚል ግምት ላይ ነው፤ ግምቱ በ2023 ፈርሷል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያመው ግን የጌሞቹ ዕጣ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ከጥቂቶቹ በቀር የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞችን ሁሉ ያጫውታል። ለዓመታት የሰበሰባቸውን ጌሞች ይዞ ወደ አዲሱ ማሽን መሻገር የኮንሶል ባለቤት እንደ መብቱ የሚቆጥረው ነገር ሆኗል። ለቪአር ጌሞች ግን ይህ አልተደረገም፤ አዲሱ መነጽር የአሮጌውን ጌሞች አያጫውትም። የተሰጠው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው፤ አሮጌዎቹ ጌሞች የተሠሩት ለውጭ ካሜራና ለሌላ ዓይነት ጆይስቲክ ስለሆነ እንዳሉ ወደ አዲሱ ሊተላለፉ አይችሉም። ምክንያቱን እቀበላለሁ። ምክንያቱ እውነት መሆኑ ግን የገዢውን ኪሳራ አያጠፋም። አንዳንድ ጌም ሠሪዎች ጌማቸውን አድሰው ለቀድሞ ገዢዎች በነጻ ሰጡ፣ አንዳንዶች እንደገና አስከፈሉ፣ ብዙዎች ደግሞ ምንም አላደረጉም። በ2018 የወጣው አስትሮ ቦት ሬስኪው ሚሽን ለቪአር ብቻ ታስቦ የተሠራ፣ ለመነጽሩ ከተሠሩት ሁሉ ከምርጦቹ የሚቆጠር፣ ከሶኒ ከራሱ የወጣ ጌም ነው። አዲሱ መነጽር ሲወጣ እሱን ይዞ አልመጣም። ይህን ጌም በፕሌይስቴሽን 5 መጫወት የሚፈልግ ሰው አሮጌውን መነጽር፣ አሮጌውን ካሜራና ሶኒ በነጻ ይሰጠው የነበረውን ማገናኛ ጨምሮ ያንን ሁሉ ገመድ እንደያዘ መኖር አለበት። ለ399 ዶላሩ አካፋይ የሆነው ጌምና ዓመት የተቆረጠው እንዲህ ነው።

ወደ ሁለተኛው አስተሳሰብ ልለፍ፤ ዋጋው ሲወርድ ሁሉም ይስተካከላል ወደሚለው። ሶኒ በጃንዋሪ 2020 በሰጠው መግለጫ መሠረት ፕሌይስቴሽን ቪአር ከ5 ሚሊዮን በላይ፣ ፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ከ106 ሚሊዮን በላይ ተሸጠው ነበር። ከመቶ የኮንሶል ባለቤቶች መነጽሩን የገዙት አምስት አይሞሉም። በጌም ሠሪው ወንበር ተቀምጣችሁ ይህን ቁጥር እዩት። ለቪአር ብቻ የሚሠራ ሰው ገና ከመነሻው ከመቶ ዘጠና አምስቱን ገዢ ትቷል፤ ከቀሩት አምስት ውስጥም የእሱን ዓይነት ጌም የሚወዱት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በጀቱን ያሳንሳል፣ ጌሙ አጭር ይሆናል፣ ተጫዋቹም በአጭሩ ጌም ያዝናል፤ የሚቀጥለው ገዢ ይህን ሰምቶ ይቀራል። ይህን ቋጠሮ መፍታት የሚችለው ከእያንዳንዱ ጌም ሽያጭ ድርሻ የሚወስደው ኮንሶሉን የሠራው ኩባንያ ብቻ ነው፤ ኪሳራን ችሎ ለዓመታት ትልልቅ ጌሞችን ማሠራት የሚችለው እሱ ነውና።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በፌብሩዋሪ 2024፣ አዲሱ መነጽር ከወጣ ልክ አንድ ዓመት ሲሆነው፣ ሶኒ 900 ያህል ሠራተኞችን ሊቀንስ መሆኑን ሲያስታውቅ ለንደን ስቱዲዮን ጨርሶ እንደሚዘጋም ተናገረ። ቪአር ዎርልድስንና ብለድ ኤንድ ትሩዝን የሠራው፣ በኩባንያው ውስጥ የቪአር ዕውቀት ከተከማቸባቸው ቤቶች አንዱ የነበረው ይህ ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው ቀድሞ ወደ ሌላ ዓይነት ጌም ዞሮ እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱም ቢሆን የሚመሰክረው ኩባንያው ልቡን ከቪአር ማንሣቱን ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት መነጽሩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ በ59.99 ዶላር ወጣ። ገዢው እንደ ሃፍ ላይፍ አሊክስ ያሉትን፣ በ2020 ወጥተው ፕሌይስቴሽን ላይ ያልደረሱትን ጌሞች የሚያገኘው በዚህ በኩል ሆነ። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ግን ኤችዲአሩ፣ ዓይን መከታተያውና የመነጽሩ ንዝረት አይሠሩም። ኮንሶል ስላለህ ኮምፒውተር አያስፈልግህም ተብሎ የገዛ ሰው ከዓመት ተኩል በኋላ ጥሩውን ጌም ከፈለግህ ኮምፒውተር ግዛ ተባለ። ርካሹ መንገድ ወደ ውዱ መንገድ ወሰደው።

ከዚያ በማርች 2025 የመነጽሩ ዋጋ ወደ 399.99 ዶላር ወረደ። ብዙዎች ደስ ብሏቸው ችግሩ ተፈታ አሉ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በመጀመሪያው ቀን ያመነ ገዢ ለእምነቱ 150 ዶላር ተጨማሪ ከፍሏል። በዚያው ዓመት ኦገስት ደግሞ በአሜሪካ የፕሌይስቴሽን 5 ዋጋ በ50 ዶላር ጨምሮ 549.99 ሆነ። በዚያ ዋጋ አዲስ የሚገባ ሰው ያኔም 950 ዶላር ገደማ ይዞ መምጣት ነበረበት። ከሁሉም በላይ፣ የዋጋ ቅነሳው አንድም ጌም አልጨመረም። መነጽሩ በርክሶ የሚጫወቱበት ከሌለ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

የኮንሶል ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። የኒንቴንዶ መነጽር መሰል ኮንሶል ቨርቹዋል ቦይ በ1995 አሜሪካ ሲገባ ዋጋው 179.95 ዶላር ነበር፤ ዋጋው ቢቀነስም በአጠቃላይ 22 ጌሞች ብቻ ወጥተውለት በማግሥቱ ዓመት ተቋረጠ። ማይክሮሶፍት በ2013 ኪኔክት የተባለውን የእንቅስቃሴ ካሜራ ከኤክስቦክስ ዋን ጋር አጣብቆ በ499 ዶላር ሸጠ፤ በማግሥቱ ዓመት ኪኔክት የሌለውን በ399 ዶላር አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ኪኔክትን ማምረት አቆመ። ያው ኩባንያ በ2016 ስኮርፒዮ ብሎ የጠራውን አዲስ ኮንሶሉን ሲያስተዋውቅ ቪአር እንደሚያሠራ ተናግሮ ነበር። ማሽኑ በ2017 ኤክስቦክስ ዋን ኤክስ ተብሎ በ499 ዶላር ሲወጣ ቪአር አልነበረውም፤ በ2018 ኩባንያው ለኮንሶሎቹ የቪአር ዕቅድ እንደሌለው አሳወቀ። በእነዚህ ሁሉ ገዢው የተጎዳው በዋጋው መክበድ ብቻ አይደለም። የተሰጠው ቃል ጊዜ ስላልተቀመጠለት፣ ቢጣስም የሚጠየቅ ስለሌለ ነው።

ጠንካራውን ተቃውሞ ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። ግራን ቱሪስሞ 7 ያለው ሰው መነጽሩን ሲገዛ የቪአሩን ክፍል በነጻ አግኝቷል፤ ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅና ኖ ማንስ ስካይም እንዲሁ። መኪና ውስጥ ተቀምጦ አንገቱን አዙሮ ተፎካካሪውን በጎን መስተዋት ማየት የቻለ ሰው በቲቪ ወደሚታየው እሽቅድምድም መመለስ ይከብደዋል፤ ይህን ደስታ አላጣጥልም። ለዚህ ጌም ብቻ መቶ ሰዓታት የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን አልጣለም። ይህ ግን የእኔን ሐሳብ የሚደግፍ ማስረጃ ነው። ገንዘቡ ያዋጣው አካፋዩ ቀድሞ በእጁ ስለነበረ ነው፤ ጌሙ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ስሜቱ አለ። ወደፊት ይመጣል በተባለ ነገር ላይ ተመሥርቶ የገዛ ሰው ግን እንዲህ ዓይነት ዋስትና የለውም።

እንግዲያው ኮንሶሉን ትቶ ኩዌስት የተባለውን የሜታ ኩባንያ መነጽር መግዛት ነው የሚል ሌላ መልስ አለ። በርግጥ ኩዌስት 2 በ2020 በ299 ዶላር ሲወጣ ኮንሶልም ኮምፒውተርም ሳይፈልግ ብቻውን ይሠራ ነበር፤ ኩዌስት 3ኤስም በ2024 የወጣው በ299.99 ዶላር ነው። ኮንሶል ርካሹ መንገድ ነው የሚለው አባባል ከ2020 ወዲህ በቁጥርም ቢሆን ሐሰት ነው። ያን ርካሽነት ግን እንደ መፍትሔ አልቀበለውም። መነጽሩን የሚሠራው የሜታ ክፍል በ2024 ብቻ 17.7 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። ገዢው ያልከፈለውን ሌላ ሰው እየከፈለለት ነው፤ ያ ከፋይ በሰለቸው ቀን ሒሳቡ ይለወጣል። የኩዌስት 2 ዋጋ በ2022 በ100 ዶላር የጨመረው በዚያው ማሽን ላይ ነው። በ2019 የወጣው የመጀመሪያው ኩዌስትም አራት ዓመት ሳይሞላው አዲስ ነገር እንደማይጨመርለት ተነገረ። ጭንቀቱ እዚያም ያው ነው፤ አካፋዩ በሌላ ሰው እጅ ነው።

በዶላር የማይቆጠር ወጪም አለ፤ ርካሽ ነው የሚሉት ግን አያነሡትም። በፕሌይስቴሽን ቪአር 2 እየተንቀሳቀሰ መጫወት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ባዶ ወለል ያስፈልገዋል፤ በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መሣሪያው ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አልተፈቀደም። ብዙ ሰውም ሰውነቱ እስኪለምደው ያጥወለውለዋል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይለምደውም። ብዙዎቹ የቪአር ጌሞች በዲስክ ስለማይወጡ ተጫውተው ሲጨርሱ ለጓደኛ ማዋስ ወይም መልሶ መሸጥ አይቻልም። በተራው ጌም ግማሹን ገንዘብ ማስመለስ የለመደ ሰው እዚህ የሚያስመልሰው የለም።

ይህን ሒሳብ ከማንም በላይ የሚያውቁት የአዲስ አበባ የጌም ቤት ባለቤቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንድ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ቲቪ ያለው ሰው ልጆቹን በጨዋታ ያስከፍላል፤ ሁለቱ ኳስ ሲጫወቱ ወረፋ የያዙት ቆመው ያያሉ፣ ይከራከራሉ፣ ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ማሽኑ በየቀኑ ዋጋውን ይመልሳል። መነጽሩ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወለል ይይዛል፣ ከፊት ወደ ፊት ሲተላለፍ መጽዳት አለበት። በዚያ ላይ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ አካውንቱ በሌላ አገር ስም ይከፈታል፣ የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። ከዋሽንግተን በሻንጣ የመጣ መነጽር ቢበላሽ ዋስትናው እዚያው ቀርቷል። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ በማርች 2025 የተቀነሰው 150 ዶላር እዚህ ሳይደርስ ተውጧል። ለዘመዶቹ ዕቃ የሚልክ ወገን ይህን አውቆ ቢመርጥ እወዳለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው ዋጋ ለመጫወት የሚያስፈልገውን ሁሉ የያዘ ዋጋ ይሁን። ሁለተኛ፣ አምራቹ መሣሪያውን ለስንት ዓመት እንደሚደግፍ ከሽያጩ በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ስልክ ሠሪዎች የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚሰጡበትን ዓመት እየቆጠሩ ይናገራሉ፣ ኮንሶል ሠሪዎች የማይናገሩበት ምክንያት የለም። ሦስተኛ፣ አዲስ መነጽር የአሮጌውን ጌሞች ማጫወት ካልቻለ፣ ኩባንያው ቢያንስ ራሱ ያሳተማቸውን አድሶ ለቀድሞ ገዢዎች ያለ ክፍያ ይስጥ። አራተኛ፣ መነጽሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሙሉ አቅሙ ኮምፒውተር ላይም ይሥራ፤ ኩባንያው ፊቱን ቢያዞር እንኳ ዕቃው በገዢው እጅ ዋጋ ይኑረው። ከእነዚህ አንዱም አዲስ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ኩባንያው አደጋውን ከገዢው ጋር እንዲካፈል ብቻ ነው።

ገዢውም የራሱ ድርሻ አለው። መነጽር ከመግዛቱ በፊት ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት ጌሞች ውስጥ የሚጫወታቸውን ይቁጠር፤ የተነገሩትን፣ የታለሙትንና የሚጠበቁትን አይቁጠር። ዋጋውን ለእነዚያ ጌሞች ያካፍል፤ የየጌሙን የራሱን ዋጋ ይደምርበት። የሚያገኘው ቁጥር ከአቅሙና ከፍላጎቱ ጋር ከተስማማ በደስታ ይግዛ፤ ካልተስማማ አይግዛ፤ መጠበቅ ምንም አያሳፍርም። የ2016ቱም የ2023ቱም ገበያ ያሳየው የጠበቀ ሰው ያነሰ ከፍሎ የተሻለ ማግኘቱን ነው። ሻጮች የሚያደምጡት ቅሬታን ሳይሆን ያልተሸጠ ዕቃን ነው፤ የዋጋ ቅነሳውም የመጣው ገዢ ስለታገሠ ነው። ያው ትዕግሥት ከዋጋ ቅነሳ የሚበልጥ ነገር፣ በጽሑፍ የሰፈረ ግዴታ፣ ሊያስገኝ ይችላል። ያ ግዴታ እስኪመጣ ድረስ ቪአር ለኮንሶል ባለቤት ርካሽ ነው የሚል ሁሉ የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ቀሪውን ግማሽ ሳይጠይቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ገዢ አይኑር።